የሐሙስ እራት፦ የሰርግ ልምምድና የሚዜዎች እራት በአዲስ አበባ መሃል እንዴት ይሰናዳል

ሰርጉ እሑድ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ግን ሚዜዎቹ ማን ከማን ጋር ተጣምሮ እንደሚገባ አያውቁም። ቀለበቱ በማን ኪስ እንደሚያድር አልተወሰነም። ሁለቱ እናቶች ከሽምግልናው ወዲህ አልተገናኙም። የልምምድ እራት የሚደረገው ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ለመጨረስ ነው።

የማያምረው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ይደረጋል፣ ሰው ይበዛል፣ ምግቡ ከልምምዱ ይቀድማል። ሻማና አበባው ከእነዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው።

1. ቀኑን ቁረጡ (ከሰርጉ 6 ሳምንት በፊት)

ሐሙስ አድርጉት። ሰርጉ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ ሐሙስ ይሻላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ እሑድ ለሚቆርቡ ሙሽሮች አይሆንም። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይጾማል። ቁርባኑ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ከቅዳሜ 9 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውሃም የለም። ሙሽሮቹ ዝም ብለው የሚያዩት እራት ደግሞ ምን እራት ነው? ባትቆርቡም እንኳ ቅዳሜ ማታ የፀጉር፣ የሜካፕ፣ የእንሾሽላና ከክፍለ ሀገር የሚገባ ዘመድ የመቀበያ ሰዓት ነው።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስለዚህ የሚያዝያና የግንቦት ሙሽሮች ረቡዕንም መምረጥ ይችላሉ። ዓርብን ግን አሁንም ተዉት፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር ማስተካከያ ቀን አያስቀርም።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

- ጥር 10፣ 11 እና 12። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ ጾም ነው፤ ታቦት ሲወርድና ሲመለስ ወደ ጃን ሜዳ የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሰባችሁ ቦታውን ወይም ሳምንቱን ቀይሩ።
- የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚካሄድበት ሳምንት። የመሃል ከተማ ሆቴሎች ይሞላሉ፤ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ መንገዱ በአጀብ ይዘጋጋል።
- መስቀል አደባባይ ላይ ትልቅ ዝግጅት ያለበት ቀን፤ በተለይ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት። ስታዲየም፣ ለገሃርና ካዛንቺስ አብረው ይዘጋሉ።
- ረመዳን። ከሚዜዎቹ አንዱ እንኳ ጾመኛ ከሆነ ምግቡ ከአፍጥር በፊት አይቀርብ።

2. ስም ጻፉ፤ ከዚያ ሰርዙ

መለኪያው አንድ ነው፦ በሰርጉ ቀን ሥራ ያለው ሰው ይጠራል፣ የሌለው አይጠራም።

ሙሽሮች፣ የሁለቱ ወገን ሚዜዎች፣ አራቱ ወላጆች፣ ከየወገኑ አንድ ሽማግሌ፣ አስተባባሪው፣ መድረክ መሪው፣ ዲጄው፣ ቪዲዮ አንሺው። የሚዜ ፍቅረኞችና ባለቤቶች ሲጨመሩ ከ25 እስከ 35 ሰው ይሆናል። ከ40 ካለፈ ሌላ ትንሽ ሰርግ ደግሳችኋል ማለት ነው።

አስቸጋሪዋ አክስት ናት። አንዷ ከተጠራች ሁሉም መጠራት አለባቸው። ስለዚህ አንዷም አትጠራ። እንዳትቀየም ግን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ቀድማችሁ ንገሯት። በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ፣ ከተቻለም በእናት በኩል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እትዬ፣ ሐሙስ የልጆቹ ልምምድ ነው እንጂ ድግስ አይደለም። እርስዎን እሑድ ከፊት ነው የምንፈልግዎ።» ምክንያት አታብዙ። ምክንያት የበዛበት ይቅርታ ያስጠረጥራል።

3. ቦታውን ያዙ (ከሰርጉ 5 ሳምንት በፊት)

ልምምዱ በሰርጉ አዳራሽ፣ እራቱ ከዚያ በእግር 10 ወይም 15 ደቂቃ በሚርቅ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ሬስቶራንት ካለ ደግሞ የበለጠ። ቦሌ ተለማምዶ ፒያሳ ለመብላት በሐሙስ ምሽት ትራፊክ መነሳት ግማሹን ሰው መንገድ ላይ መጣል ነው።

የአዳራሹን አስተዳዳሪ ዛሬውኑ ጠይቁ፦ «ሐሙስ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ለልምምድ እንገባለን?» ሐሙስ አብዛኛው አዳራሽ ነፃ ነው፤ ሆኖም በቃል አትመኑ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ። የዚያን ዕለት ጥበቃ የሚያድረው ሰው ማን እንደሆነና ቁልፉ ማን ጋር እንዳለም እወቁ። ውል ይዞ በር ላይ መቆም የተለመደ ነው።

ለእራቱ ቦታ ስትመርጡ በሚበላበት ቀንና ሰዓት ሂዱና እዩት። ሐሙስ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ። ቀን ጸጥ ያለው ሬስቶራንት ማታ ባንድ ሊኖረው ይችላል። ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- ለ30 ሰው የተለየ ክፍል አለ ወይስ መጋረጃ ነው የሚጋረደው?
- መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኩሽናውንም ይይዛል ወይስ አምፖሉን ብቻ?
- መኪና የት ይቆማል? በኮሪደር ልማቱ የታደሱት መንገዶች ዳር ማቆም ያስቀጣል። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሆናችሁ ከአደባባዩ ሥር ያለው ፓርኪንግ አለ፤ በሌላው ሰፈር ሆቴሉ ስንት ቦታ እንደሚይዝላችሁ በቁጥር ይንገራችሁ።
- ከውጭ ምግብ ወይም መጠጥ ማስገባት ይቻላል? ጠጅ ከሌላ ቦታ የምታመጡ ከሆነ የማስገቢያ ክፍያ ሊኖር ይችላል።
- ለቡና ከሰልና ዕጣን ይፈቀዳል? ብዙ ሆቴል ውስጥ የጭስ ማንቂያ አለ። ምርቃት መሃል ሲጮህ አያምርም።

ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ። የተነገራችሁ ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ያለው ነው ወይስ የሌለው? ሰርቪሱ 10፣ ቫቱ 15 በመቶ ከሆነና ቫቱ ከሰርቪሱ በላይ ከተሰላ፣ ለሰው 1,000 ብር የተባለው 1,265 ብር ይሆናል። በ30 ሰው ልዩነቱ 7,950 ብር ነው። «የመጨረሻውን፣ ሁሉም ተጨምሮበት፣ ለአንድ ሰው» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ አስጽፉት።

ቀብድ ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ቀኑ ቢቀየር ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል የሚለውም ይጻፍ።

የአትክልት ቦታ ያማራችሁ እንደሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ጥር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይነክሳል። ማሞቂያ ካለ እሰየው፤ ከሌለ በየወንበሩ ጀርባ ነጭ ጋቢ አንጠልጥሉ። ፎቶ ላይም ያምራል፣ እናቶችም ይመርቋችኋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጣሪያ የሌለው ቦታ አታስቡ።

4. ሜኑውን አሳጥሩ

አንድ የፍስክ፣ አንድ የጾም፣ አንድ ጣፋጭ። ሐሙስ ፍስክ ቢሆንም ሱባኤ የያዘ ወይም የንስሐ ቀኖና ላይ ያለ ሰው አይጠፋም፤ በየዓይነቱ ይኑር።

ክትፎ ለዚህ ምሽት አይሆንም። ለብ ለብም ቢሆን። ሁለት ቀን ተኩል ለቀረው ሰርግ ጥሬ ሥጋ ማብላት ከሆድ ጋር ቁማር መጫወት ነው። በደንብ የበሰለ ጥብስ ወይም ዶሮ ይቅረብ። ቀይ ወጥ የሚቀርብ ከሆነ ነጭ የለበሱትን አስቡና ትልቅ የጨርቅ ናፕኪን ጠይቁ።

ክርስቲያንና ሙስሊም ያለበት ጠረጴዛ ከሆነ የሥጋውን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሁለት ዓይነት ሥጋ ከአንድ ኩሽና ማዘዝ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ማን በየትኛው ጭልፋ ቀዳ ይባላል። ዓሣና የጾም ምግብ ብቻ ማድረግ ይቀላል፤ ማንም ሳህኑን እያየ አይጨነቅም።

መጠጥ በሰው ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ባር ክፍት አታድርጉ። አስተናጋጁ ከሁለት በላይ ከመቅዳቱ በፊት አስተባባሪውን ይጠይቅ፤ ይህን ለአለቃው ቀድማችሁ ንገሩት።

5. ገጽታው

የሰርጉን ዲኮር አትድገሙ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ የሀገር ውስጥ ጽጌረዳ፣ ሻማ በብርጭቆ ውስጥ። አበባው ከአገጭ በላይ ከፍ ካለ ፊት ለፊት የተቀመጡት አማቶች አይተያዩም። አንድ ቀለም ምረጡና እሱ ላይ ቁሙ።

የስም ካርድ በአማርኛ ይጻፍ፤ ለትልልቆቹ አቶ፣ ወ/ሮ ወይም የክህነት ማዕረጋቸው ይቅደም። ማዕረጉን ከራሳቸው ቤተሰብ ጠይቁ። ቄሱን «አቶ» ብሎ መጻፍ አበባው ሁሉ የማያስረሳው ስህተት ነው።

ልብስ፦ ለልምምዱ የሚመች፣ ለእራቱ የሚያምር። ጫማ ግን የሰርጉ ቀን ጫማ ይሁን። ለምን እንደሆነ 7ኛው ላይ ታዩታላችሁ።

6. መልእክቱን ላኩ (ከሰርጉ 2 ሳምንት በፊት)

የሚዜዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ይላክና ከላይ ይሰካ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። ከውጭ የመጣ ሚዜ ካለ ለብቻው ደውላችሁ አስረዱት፤ «12 ሰዓት» ስትሉት እኩለ ቀን የሚመስለው አይጠፋም።

«ሐሙስ ልምምድ 11:30 በአዳራሹ በር ላይ። የሰርግ ጫማችሁን ያዙ። እራት የሚቀርበው ልምምዱ ሲያልቅ ነው። የምትቀሩ ዛሬ ንገሩን።»

ልምምዱ በእርግጥ የሚጀምረው 12 ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓቱ የሐበሻ ቀጠሮ ድርሻ ነው። ለወላጆችና ለሽማግሌዎች ግን 1 ሰዓት ተኩል በቀጥታ እራቱ ቦታ ንገሯቸው። ልምምድ ላይ ቆመው መጠበቅ የለባቸውም፤ ደግሞም አባት ባለበት ሚዜ አይጨፍርም።

7. ልምምዱ

በር ላይ ውሃና ቆሎ አስቀምጡ። ከዚያ በላይ የሚበላ ነገር አይታይ። የጠገበ ሚዜ አይለማመድም።

ሀ. ሁሉም ጫማውን ይቀይር። ሙሽሪት ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ሜትር የሚሆን ጨርቅ ወገቧ ላይ ትሰር፤ ቬሎው የሚጎተተው እንደዚያ ነው። ደረጃ ላይ ማን እንደሚያነሳላት የሚታወቀው አሁን ነው። ሁለት ሰው አይሁን፣ አንድ ይበቃል።

ለ. ጥንዶቹን ወስኑ። በቁመት አጣምሩ። የተጣሉ ወይም የተለያዩ ፍቅረኞች ካሉ አታጣምሩ፤ ይህን ቀድማችሁ በጎን ጠይቁ።

ሐ. ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አንደኛው ጥንድ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ከበር ይነሳል። «ቀስ በሉ» ማለት ለማንም አይገባውም፤ ምልክት ግን ይታያል። ቪዲዮ አንሺው የት እንደሚቆም ያኔውኑ ያሳይ፤ አለበለዚያ እሑድ በመግቢያው መሃል ቆሞ ታገኙታላችሁ።

መ. ዲጄው ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ይምጣ። ከኢንተርኔት አይክፈት፤ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ወይም የኔትወርክ መቆራረጥ ይመጣል። ዘፈኑ ረጅም መግቢያ ካለው ይቆረጥ። በሩ ሲከፈት ከበሮው መምታት አለበት።

ሠ. ሦስት ጊዜ አድርጉት። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ በንግግር። ቀጥሎ በሙዚቃ፣ እያቆማችሁና እያረማችሁ። ሦስተኛውን ማንም አያቁመው፤ የተሳሳተም ይቀጥል፤ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽ፣ ደቂቃውም ይያዝ። ቪዲዮው ወዲያው ግሩፑ ላይ ይላክ። አራተኛ ጊዜ አትሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ መሳቅና መነጫነጭ ይጀመራል።

ረ. የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አትለማመዱ። እሱን የሚመሩት ካህናቱ ናቸው። ከእነሱ ቀድማችሁ የምትጠይቁት በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሚዜ የት እንደሚቆም፣ ፎቶ አንሺ እስከ የት እንደሚፈቀድለት ነው። ጫማ እንደሚወለቅም ለወንዶቹ አስታውሷቸው፤ ሙሉ ሱፍ ለብሶ ካልሲው የተቀደደ ሚዜ በየሰርጉ ቪዲዮ ላይ አለ። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ልምምዱን ብዙ ጊዜ መጋቢው ራሳቸው ይመሩታል፤ ሰዓቱን ከእሳቸው ጋር ቁረጡ።

ሰ. በመጨረሻ ክብ ሠርታችሁ ቁሙና የሥራ ካርድ አድሉ። ለእያንዳንዱ ሚዜ ሦስት መስመር ብቻ፦ ምን ይዣለሁ፣ በስንት ሰዓት የት ነኝ፣ ችግር ሲመጣ ለማን እደውላለሁ። እያንዳንዱ የራሱን ጮክ ብሎ ያንብብ።

እነዚህ አራቱ ባለቤት ሳይኖራቸው ማንም ከአዳራሹ አይውጣ፦ ቀለበት፣ የመኪኖቹ ቁልፍ፣ በዝርዝር ብር የተሞላው ፖስታ (ለፓርኪንግ፣ ለመንገድ ላይ ጨፋሪ፣ ላልታሰበው ሁሉ)፣ እና የሙሽሪት ቤት በር። በሩን የያዙት እህቶችና ጓደኞች «አናስገባም» ብለው የሚቆዩበት ደቂቃ ይወሰን። 10 ደቂቃ ይበቃል። «በቃ ይግቡ» የምትለውም አንዲት ሴት በስም ትታወቅ። ይህ ካልተወሰነ ሰዓቱ የሚበላው እዚያ በር ላይ ነው፤ ፎቶውም፣ አዳራሹም፣ ምሳውም ተከትለው ይንሸራተታሉ።

8. እራቱ

1 ሰዓት ተኩል ላይ ወላጆች ሲደርሱ ከበር የሚቀበላቸው አንደኛ ሚዜ ይኑር። ሁለቱን እናቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፊት ለፊት ከሆኑ ይተያያሉ እንጂ አያወሩም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ምርቃት፣ ምግብ፣ ከየወገኑ አንድ ሰው ንግግር፣ ሙሽሮች ምስጋና፣ ቡና። የሁለቱ ቤተሰብ እምነት የተለያየ ከሆነ ማን እንደሚጸልይና በምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ቀድሞ ይነገር።

ንግግር ከምግብ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ በሰው 3 ደቂቃ። መድረክ መሪው አባትን ሲጋብዝ «ጋሼ፣ አጠር አድርገው ይመርቁልን» ይበል። «አጠር» የምትለዋ ቃል ሥራ ትሠራለች።

ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ጀበናው ሲመጣ ሰው ይላላል። ሁለቱ ቤተሰብ የሚተዋወቀው በዚህ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቦታ ማቀያየር ያለባችሁም አሁን ነው። የሙሽሪት ወንድም ከሙሽራው አባት አጠገብ ይሂድ። ከ3 ሰዓት ተኩል አታሳልፉት። ለትልልቆቹ የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ አስቀድሞ ይጠራ፤ ሐሙስ ማታ በር ላይ ቆመው መኪና አይጠብቁ።

9. ሲበላሽ

አዳራሹ ተቆልፏል። ቦታ ስትይዙ ከበር እስከ መድረክ ያለውን ርዝመት በእርምጃ ቆጥራችሁ ጻፉት። ያንን ርዝመት የእራቱ ቦታ ግቢ ላይ በፕላስተር አስምሩና እዚያው ተለማመዱ።

ሚዜ መንገድ ላይ ቀረ። አትጠብቁት። ሌላ ሰው በቦታው ይቁም፣ ሦስተኛው ዙር ይቀረጽ፣ ቪዲዮው ይላክለት። እሑድ ጠዋት ከመኪና ሳይወርድ አንዴ ይየው።

ምግቡ ዘገየ። 20 ደቂቃ ካለፈ ንግግሩን ወደፊት አምጡ እንጂ መጠጥ አትጨምሩ። በባዶ ሆድ ሁለተኛ ብርጭቆ የያዘ አጎት ሦስት ደቂቃ አይበቃውም።

አጎት ማይክ ይዞ አልለቅም አለ። መድረክ መሪው አይንጠቅ። ጭብጨባ ይጀምር፣ ሚዜዎቹ ይከተሉ፣ ሴቶቹ እልል ይበሉ። እልልታ ላይ ንግግር የሚቀጥል የለም።

ሁለቱ ወገን በአንድ ነገር ተጋጩ፤ ብዙ ጊዜ በፊት ወንበር ቁጥር ወይም በመልሱ ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ አትከራከሩበት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቡና ይዘው ጥግ ይቀመጡና ተስማምተው ይመለሱ። ሙሽሮች በዚህ ውስጥ አትግቡ።

ሂሳቡ ከተስማማችሁበት በለጠ። የተጻፈውን ወረቀት አውጡ። አስተናጋጁን አትጨቅጭቁ፤ ውሉን የፈረመውን ሰው አስጠሩ። ክርክሩ አማቶች ከሄዱ በኋላ ይሁን።

10. ዓርብ ጠዋት

አስተባባሪው እስከ 4 ሰዓት ድረስ አንድ መልእክት ይላክ፦ ትናንት የተቀየረው ምን እንደሆነ፣ እሑድ የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት ከየት እንደሚነሳ። ሌላ ነገር አይጨመርበት። ቀለበቱን የያዘው ሰው ፎቶ አንስቶ ይላክ። እራት ላይ ተረስቶ የቀረ ጫማ፣ ቻርጀር ወይም ሻርፕ ካለ ሆቴሉ ደውላችሁ ከሰዓት በፊት አስመጡ፤ ቅዳሜ ለዚያ የሚሆን ሰው አይኖራችሁም።

ከዚህ በኋላ የሙሽሮቹን ስልክ አስተባባሪው ይያዝ። ካቴረሩም፣ ሹፌሩም፣ አክስትም ለእሱ ይደውሉ።